ወደብ ላይ የቀረችው ማርሳሊ

ጁን 2 ቀን 1986፣ ሰኞ፣ ቶካኑይ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለቤተሰቡ ታሪክ ማስታወሻ እንድይዝበት ነው። ስለ ራሴ ልጽፍበት አይደለም።

ሥራውን የጫነብኝ ወንድሜ ቶርክል ነው፤ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ። በሴፕቴምበር የማካስኪል ዘር ሁሉ ካለበት ይሰበሰባል። ቅድመ አያታችን ኒል ማካስኪል ከስኮትላንድ ተሰዶ መጥቶ እዚህ የኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ ላይ መጀመሪያ ጎጆ የቀለሰበት ቦታ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ይተከላል። ለዚያ ቀን አንድ አነስተኛ መጽሐፍ እንዲታተም ተወስኗል።

«አንቺ ጻፊው» አለኝ። «አስተማሪ ነበርሽ። ደግሞ ጊዜ አለሽ።»

ጊዜ አለሽ የምትለዋን ቃል ሰው ሁሉ እንደ ምርቃት ነው የሚወረውርልኝ። ባሌ አሌክ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። እርሻው ተሽጦ እዚህ መንደር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ከገባሁ አምስት። አዎ፣ ጊዜስ አለኝ።

ቶርክል የኒልን መጽሐፍ ቅዱስ በፎጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በጋይሊክ፣ በስኮትላንዶች የድሮ ቋንቋ፣ የታተመ ነው፤ ከመካከላችን ማንበብ የሚችል አልቀረም። ከኋላ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ ግን የልጆቹ ስም በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አምስት ናቸው። አራቱ ከነትዳራቸው ከነልጆቻቸው ገጹን ሞልተውታል። አምስተኛዋ አንድ መስመር ብቻ ናት፦ «ማርሳሊ፣ በ1857 ተወለደች። በ1863 ግሪኖክ ላይ ሞተች።»

ግሪኖክ መርከቡ የተነሣበት ወደብ ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር ማለት ነው። ሊሳፈሩ ሄደው ልጅ ቀብረው መጡ።

መጽሐፉ የተሟላ እንዲሆን የሞት ማስረጃዋን እንዲልኩልኝ ወደ ስኮትላንድ መዝገብ ቤት ጻፍኩ።

ጁን 5፣ ሐሙስ

ውርጭ። ቧንቧው በረዶ ሠርቶ እስከ ረፋድ ውሃ የለም። ለአንድ ሰው የሚበቃ የአጃ ገንፎ መሥራት አሁንም አልሆነልኝም። ሁልጊዜ ይተርፋል።

ጁን 14፣ ቅዳሜ

ሱቅ ሄጄ ነበር። ከዱቄቱ መደርደሪያ ኋላ ስለነበርኩ ባለሱቋ ጂን ሬይ አላየችኝም። ሌላዋን ሴት በድምፅ አላወቅኳትም።

«ኡና ጊልክሪስት አሁን ደግሞ የዘር ሐረግ ነው የያዘችው። ስኮትላንድ ድረስ ሙት ፍለጋ ትጽፋለች» አለች ጂን።

«አውስትራሊያ ያለውንስ? ሕያውን ማን ይፈልግላት?»

«ተያት ባክሽ። የራሷ ጉዳይ ነው።»

ዱቄቱን ቦታው መልሼ በጎን በር ወጣሁ። ጂን ደግ ሴት ናት፤ አሌክ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ያመላለሰችው እሷ ናት።

ልጄ ፊንሌይ ደህና ነው። ሥራ ይበዛበታል። ፐርዝም ሩቅ ነው። ይህን ለሱቅ ሰው የማስረዳት ግዴታ የለብኝም።

ጁን 27፣ ዓርብ

ከስኮትላንድ መልስ መጣ። በ1863 ግሪኖክ ላይ በዚህ ስም የተመዘገበ የልጅ ሞት የለም። ከዓመቱ በፊትና በኋላ ያሉትንም አይተውልኛል። የጻፈው ሰው ከታች በእጁ ጨምሮበታል፦ «እመቤት ሆይ፣ ሙታን ዘንድ ካልተገኘች ሕያዋን ዘንድ ቢፈልጓትስ? የ1871ን የሕዝብ ቆጠራ ይመልከቱ።»

ቀልደኛ መሆኑ ነው። ሳላስበው ግን ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት።

ጁላይ 3፣ ሐሙስ

የዘር ሐረጉን በትልቅ ወረቀት ላይ ሣልኩ። 143 ስም። ዓይኔ ደከመ። ሬዲዮኑ የነገን በረዶ ያወራል። ቀኑን ሙሉ አንድም ቃል ከአፌ እንዳልወጣ የታወቀኝ፣ ፖስተኛው ሲያንኳኳ ድምፄ እንቢ ሲለኝ ነው።

ጁላይ 9፣ ረቡዕ

ኢንቨርካርጊል ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ውዬ መመለሴ ነው።

ኒል የተነሣበትን የስካይ ደሴትን የ1871 ቆጠራ የያዘው ፊልም ከተማው ውስጥ ባለች አንዲት መሣሪያ ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ የራሱን ዘመዶች ይፈልጋል። እኔ ፊልሙን እያሽከረከርኩ መንደር በመንደር፣ ቤት በቤት ወረድኩ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል አገኘኋት። የቤቱ ባለቤት፦ አን ማክሊን፣ ባሏ የሞተባት። ሁለተኛ መስመር፦ ማርሳሊ ማካስኪል፣ የእህት ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመት፣ ላም ጠባቂ።

ሞተች ከተባለች ስምንት ዓመት በኋላ ላም ትጠብቃለች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የማላውቀውን ሽማግሌ ክንዱን ያዝኩት። «አለች» አልኩት።

«ማን?»

«ልጅቷ።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝና «እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ፤ ዛሬ የተወለደች ይመስል።

በአውቶቡስ ስመለስ ደስታዬ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ካልሞተች ትተዋት መጡ ማለት ነው። ትተዋት መጥተው ደግሞ ሞተች ብለው ጻፉ። እንዴት ያለ ወላጅ ነው በሕይወት ያለ ልጁን በገዛ እጁ ከቤተሰቡ መዝገብ የሚያወጣ?

በዚያ ሰፈር ዘሯ ካለ እንዲያደርስልኝ ለአካባቢው ፖስታ ቤት ኃላፊ ደብዳቤ ላክሁ።

ጁላይ 20፣ እሑድ

ቶርክል ቤት ምሳ። የበግ ሥጋና የተፈጨ ቀይ ሥር ሠርቶ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ምግብ ማብሰል ተምሯል፣ ከኔ ይሻላል። ስለ ማርሳሊ ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ።

«መጽሐፍ ቅዱሱ ሞተች ይላል።»

«ቆጠራው አልሞተችም ይላል።»

«ሌላ ማርሳሊ ትሆናለች።»

«በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ስም፣ በእናቷ እህት ቤት?»

«ኡና፣ ድንጋዩ ተቀርጿል። መቶ ሃምሳ ሰው ይመጣል። ተነሥቼ ምን ልበላቸው? አባታችሁ ልጁን እንደ ሻንጣ ወደብ ላይ ጥሎ መጣ ልበል?»

«እውነቱ እሱ ከሆነስ?»

ያመጣሁለትን የዘር ሐረግ ዘረጋው። ጣቱን በኔ ስም ላይ አሳረፈ። «እውነት የምትወጂ ከሆነ እሺ። ይሄ ኡና፣ ይሄ አሌክ። ከዚህ በታች ባዶ ነው። ፊንሌይ የት አለ?»

«ወረቀቱ ሞላብኝ።»

«ወረቀቱ ሞላብሽ» አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

በእግሬ ተመለስኩ። በመኪና ላድርስሽ ብሎ እስከ በሩ ተከትሎኝ ነበር።

ወረቀቱ እውነትም ጠባብ ነው።

ኦገስት 4፣ ሰኞ

ከስካይ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችልኝ ኬቲ-አን ቢተን ትባላለች፤ የማርሳሊ የልጅ ልጅ ናት። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ነገሯ ግን አይንቀጠቀጥም። ዋናውን እዚህ ልገልብጠው።

«ውድ ሚስስ ጊልክሪስት፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዶሮ ሳበላ ነው። ቆሜ አንብቤው ተቀመጥኩ። አያቴን ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ እኔን ያሳደገችኝ ደግሞ እሷ ናት። የወደቡን ነገር ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ አልቆጥረውም። በዚያን ቀን ጠዋት ፊቷ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ኩፍኝ ነበር። የመርከቡ ሐኪም ልጆቹን በየተራ አየና እሷን በእጁ ወደ ጎን አደረጋት። ይህችን ካሳፈርኩ መርከቡን ሁሉ ታስጨርሳለች አለ። ዕቃው ተጭኗል፣ ጎጆው ፈርሷል፣ መሬቱን ባለርስቱ ለበግ ግጦሽ ሰጥቶታል፤ የሚመለሱበት የለም። አባቷ ሊሸኝ ለመጣችው አክስቷ እጇን አስያዛትና፣ ‹ጸደይ ሲመጣ እንልክልሻለን› አላት። እናቷ ምንም አላለችም። አያቴ ሁልጊዜ የምትለው ይህን ነው፦ እማዬ ምንም አላለችኝም።

«ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አንድ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም። ሠላሳ ዓመቷ ላይ ከናንተ አገር የተመለሰ አንድ ሰው እነሱ ዘንድ እንደ ሞተች እንደምትቆጠር ነገራት። እሷ ያኔ ሦስተኛ ልጇን ታጠባ ነበር። ‹እንግዲያስ ሙት ናት ያጠባችህ በሉት› ብላ ሳቀች ይላሉ። እኔ ግን በእርጅናዋ ነው የማውቃት። ፖስተኛው ሲመጣ አጥሩ ጋ ትቆም ነበር። ለሷ የሚጽፍ ሰው እንደሌለ እያወቀች።

«ይቅርታ አልፈልግም፤ እርስዎ ምን አደረጉ? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። የእናትየው ፎቶግራፍ አለ? አያቴ መልኳን ረስታው ነበር። በሞቷ ዋዜማ እንኳ የእናቷ ፀጉር ምን ዓይነት እንደነበር ትጠይቀን ነበር።»

ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። የምድጃው እሳትም ጠፋብኝ።

ኦገስት 12፣ ማክሰኞ

የክርስቲ ፎቶግራፍ፣ የኒል ሚስት ማለቴ ነው፣ በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቶርክል ግድግዳ ላይ። ከዚያ እሑድ ወዲህ አልተነጋገርንም። የኬቲ-አንን ደብዳቤ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼለት ተመልሼ ነበር፤ ምንም አልጻፍኩበትም።

ዛሬ በዝናብ መጣ። በጎቹ መውለድ ጀምረዋል፤ እንቅልፍ አላየም፤ ካፖርቱ ላይ የግልገል ደም አለ። ፎቶውን ከነፍሬሙ ከካፖርቱ ሥር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ኢንቨርካርጊል ወስደሽ አስገልብጪው። ሳትሰብሪ መልሽልኝ» አለ።

«ሻይ ላፍላልህ?»

«አፍዪ።»

ከፍሬሙ ሳወጣው ጀርባው ላይ ጽሑፍ አገኘን። «ክርስቲና ማካስኪል፣ በ1889 የተነሣሁት።» በራሷ እጅ። ፊደሏ ጅራቱ ወደ ግራ ይታጠፋል። ያንን ጅራት አውቀዋለሁ። መጽሐፍ ቅዱሱን አምጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። የአራቱ ልጆች ስም በኒል እጅ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር። «ግሪኖክ ላይ ሞተች» የሚለው ግን ጅራቱ ወደ ግራ የታጠፈ ነው።

ሁለታችንም ብዙ ጊዜ አየነው።

«አባትየው መስሎኝ ነበር» አልኩ።

«እኔም።»

«እናት እንዴት እንዲህ ትጽፋለች?»

ቶርክል ኩባያውን በሁለት እጁ ያዘ። «አራት ልጅ ይዛ፣ ጫካ ውስጥ፣ ጎረቤት የላት። በየቀኑ ምን በላች፣ ምን ለበሰች ከማለት፣ ሞታለች ማለት ይቀለኛል ብላ ይሆናል።»

«ቀለላት?»

«ቀለላት አላልኩም። ይቀለኛል ብላ ይሆናል ነው ያልኩሽ።»

ፎቶው ላይ ክርስቲ አውራ ጣቶቿን በመዳፎቿ ውስጥ ደብቃ ነው የተቀመጠችው።

ኦገስት 14

ግልባጩን በአየር ፖስታ ላክሁ። ነፋስ። ጣራው ሌሊቱን ሲጮህ አደረ።

ኦገስት 31፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ዝናብ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ለዝናብ ቀርቼ አላውቅም።

ስለ ራሴ አልጽፍበትም ብዬ ነበር። እንግዲህ ልጻፈው፣ ምናልባት ይተወኝ።

ፊንሌይ እርሻውን አልረከብም ብሎ ለአባቱ የነገረው በጃንዋሪ ነው። እንደ ሰው፣ ቁጭ ብሎ፣ በአክብሮት ነው የነገረው። አሌክ ተነሥቶ በጎቹ ዘንድ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ልቡ ቆመ። ሐኪሙ ለዓመታት የቆየ ሕመም ነው አለ፤ ሰምቼዋለሁ። ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ አገሬው ሁሉ አይብ የተቀባ ዳቦና ሻይ ይዞ ቆሟል። ፊንሌይ መጥቶ ትከሻዬን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ጮክ ብዬ፣ ክፍል ውስጥ በማስተምርበት ድምፅ፣ «አባትህን ገደልከው። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» አልኩት።

እጁ እንደ ተዘረጋ ቀረ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ሁለት ጊዜ ጽፎልኛል። የመጀመሪያውን ሳልከፍት ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። ሁለተኛው የመጣው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ያንን ከፍቼዋለሁ። ኖሊን የምትባል ሴት አግብቷል። ሴት ልጅ ወልደዋል፤ ስሟ ሮዋን ነው። ከታች የስልክ ቁጥር አለ። «እማዬ፣ ምንም ማለት የለብሽም፣ ግን ቁጥሩ ይኸው» ይላል።

አልመለስኩም። መጀመሪያ ልክ ነኝ ብዬ ነበር። በኋላ ደግሞ ልክ እንዳልሆንኩ ሳውቅ፣ ስለዘገየሁ አፈርኩ፤ በየወሩ ኀፍረቱ ስለሚጨምር በየወሩ ይበልጥ የማይቻል ሆነ። ደብዳቤው ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአሌክ ሸሚዞች ሥር ነው። ቁጥሩን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ቶርክል ያን እሑድ ያለኝ ይህን ነው፦ «ቢያንስ ክርስቲ ባሕር ነበር የከለከላት።»

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ከኬቲ-አን መልስ መጣ። አጭር ነው።

«ፎቶግራፉ ደርሶኛል፤ መስኮቱ አጠገብ አኑሬዋለሁ። አያቴም አውራ ጣቶቿን እንደዚያ ትደብቅ ነበር፤ ብርድ ነው ስትል እናምናት ነበር። ይህችን ሴት እንድጠላ ነው ያደግሁት። ቀኑን ሙሉ አየኋትና መጥላቱ አልመጣልኝም። እንቅልፍ ያላት ሴት አትመስልም።

«ሌላ ነገር ልንገርዎ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አያቴ መጻፍ ታውቅ ነበር። የመጣላት ደብዳቤ ላይ የቦታችሁ ስም ነበረ፤ ሁሌም በቃሏ ትለው ነበር። ልጅ እያለሁ ‹ለምን አንቺ አልጻፍሽም?› አልኳት። ‹እነሱ ይጀምሩ› አለችኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ እነሱ ይጀምሩ አለች። እዚያም እዚህም ብዕር ነበረ፣ ሚስስ ጊልክሪስት። አዝናለሁ፣ ግን እንደዚያ ነው።»

አጥሩ ጋ ቆመው ፖስተኛ ስለሚጠብቁ ሰዎች ሳስብ እስከ ዛሬ ማርሳሊ ብቻ ነበረች የምትታየኝ። ፊንሌይም ቤት በር ላይ የፖስታ ሳጥን አለው።

ሴፕቴምበር 10፣ ረቡዕ

ማተሚያ ቤቱ የመጨረሻ እርማት ዛሬ ድረስ ይቀበላል። ሁለት ነገር ጨመርኩ። የማርሳሊን መስመር፣ ከነባሏ፣ ከነአምስት ልጆቿ፣ እስከ ኬቲ-አን። በኔና በአሌክ ሥር ደግሞ፦ ፊንሌይ፣ ኖሊን፣ ሮዋን።

ቦታው በቂ ነበር።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

ድንጋዩ ተተከለ። መቶ ስድሳ ሰው መጣ። ነፋሱ የሴቶቹን ባርኔጣ እያነሣ ሜዳው ላይ ያንከባልላል፤ ሕፃናት ያባርሩታል። ቶርክል ከእኔ በፊት ንግግር ማድረግ ነበረበት። ወረቀቱን አውጥቶ ስለ ኒል ጀግንነት ሁለት መስመር አነበበና ቆመ። መልሶ ኪሱ ከተተው።

«እዚህ ድንጋይ ላይ አራት ልጆች ተጽፈዋል። አምስት ነበሩ። እህቴ ትነግራችኋለች» አለና ወርዶ ጎኔ ቆመ።

ነገርኳቸው። ሽፍታውን፣ የሐኪሙን እጅ፣ ጸደይ ሲመጣ መባሉን፣ መስመሩን ማን እንደ ጻፈው። ሳልሁ፣ ወረቀት ጣልሁ፣ አሳምሬ አልተናገርኩም። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ከብሉፍ የመጣ አንድ አረጋዊ ዘመዳችን ባርኔጣውን አውልቆ «ስሟን ድገሚልኝ፣ ጆሮዬ ደከመ» አለኝ። «ማርሳሊ» አልኩት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ አለው።

በኋላ ሻይ ላይ አንዲት የአጎቴ ልጅ መጽሐፉን ገልጣ መጣች። «ኡና፣ የልጅ ልጅ እንዳለሽ አላውቅም ነበር። ፊንሌይ ዛሬ አልመጣም?»

ሥራ በዝቶበት ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«አልጠራሁትም» አልኳት።

ቶርክል በመኪና አደረሰኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ በግ ነው ያወራነው። በሩ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ «አሁን እዚያ ከቀትር በኋላ ነው» አለ።

አልደወልኩም። ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ መሸ።

ሴፕቴምበር 21፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልኩ። ቁጥሩን በቃሌ እያወቅሁ ደብዳቤውን አውጥቼ ፊቴ አኖርኩት።

ሴት ናት ያነሣችው። ከኋላዋ ሕፃን ይዘፍናል፣ ማንኪያ ይሁን ምን በሆነ ነገር ጠረጴዛ እየመታ።

«ፊንሌይን ፈልጌ ነበር» አልኩ።

«ማን ልበለው?»

እናቱ ነኝ ማለት አቃተኝ። «ኡና በይው። ከቶካኑይ።»

የሕፃኑ ዘፈን ብቻ ይሰማል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንዳይዘጉት» አለችኝ። «እባክዎ፣ እስኪመጣ እንዳይዘጉት።»

ስትሮጥ ሰማኋት። በር ተከፈተ። የአንድ ትልቅ ሰው እርምጃ መጣ፣ ከዚያ ቆመ፣ ከዚያ ትንፋሽ። ድምፁ ጎርንኖ የአባቱን መስሏል።

«እማዬ? ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም» አልኩት። «ማንም አልሞተም።»